የማይቃጠል እግር

አሰብ ውስጥ ለእንግዳ ውኃ ማቅረብ ነውር ነበር። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ገና ከቧንቧው ሲወርድ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ሰው ቤት ሲመጣ ለስላሳ ይገዛለታል። ለስላሳ ከጠፋ ሻይ ይፈላለታል፤ የውኃው ጨው እስኪሸነፍ ድረስም ስኳር ይጨመርበታል። ስለ አንድ ቆንቋና ሰው ሲወራ፣ «ቤቱ ሄጄ ውኃ አቀረበልኝ እኮ!» ከተባለ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

እኔ እዚያ ከተማ የኖርኩት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ መንገዱ በጦርነት ከመዘጋቱ በፊት ነው። ከወሎ ሥራ ፍለጋ ወርጄ ከከባድ መኪኖች ማቆሚያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬ ቬንትሌተርና ፍሪጅ መጠገን ነበር። ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ሞተር እፈታለሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ እገጥመዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈኝ ነበር። የምትተርፈኝ ብሎን ከየት እንደመጣች ሳላውቅ አልተኛም። እንዲህ እያልኩ ተማርኩ።

በዚያ ሙቀት ቬንትሌተር የሚጠግን ሰው ደንበኛ አያጣም። ጓደኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎች የተበላሸ ነገር ይዘው ይመጣሉ፣ ክንፉ መዞር ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ሰጥተው «እፎይ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እኔም ወሬ አልችልም። ቀኑን ሙሉ የምናገረው ቃል ተሰብስቦ አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም ነበር። ምሽት ላይ ፓስታዬን ቀቅዬ፣ ግቢው ውስጥ ሽቦ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እበላለሁ። ከወደቡ የክሬኑ ድምፅ ይሰማል። ሌላ የሚያናግረኝ የለም።

ይህን ዝምታ የሚሰብር አንድ ሰው ነበረኝ። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ባለ ተሳቢ መኪና ሾፌር ነው፤ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው። መጀመሪያ የመጣው የጋቢናውን ትንሽ ቬንትሌተር ሊያሠራ ነበር። ስጠግንለት አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ብሎኖቼን በጨርቁ ላይ ስደረድር ካየኝ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ጸሎት ነው ወይስ ሥራ የምትሠራው?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጭነት ወረፋ በሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ እኛ ግቢ ያርፋል። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ እሱ «ኢንጂነሬ» ይለኛል። በመጣ ቁጥር በቆሎ እሸት ወይም ቃሪያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኛል። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

አንድ የመርከብ ወኪል የጣለውን ዝገት የበላው ፍሪጅ ያደስኩት ለእሱ ብዬ ነው። ኮምፕሬሰሩን ቀየርኩ፣ የበሩን ማሸጊያ ከመኪና ጎማ የውስጥ ከመነዳሪ ቆርጬ ሠራሁ፣ ነጭ ቀለም ቀባሁት። በመጀመሪያ ያስገባሁበት እሱ የሚወደውን የብርቱካን ለስላሳ ነበር። ይመጣል በተባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ እየከፈትኩ ጠርሙሶቹን እነካካለሁ። አከራዬ፣ አሰብ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ ጣል የምታደርግ ሴት፣ ይህን ስታይ ትስቅብኛለች።

«ወደይ፣ ሚስት ብታገባ እንዲህ ትጠብቃት ይሆን?»

«እሷ ቀድማ ትቀዘቅዛለች!» ይላል ሾፌሩ፣ ደርሶ ከሰማ።

በደህና ዘመኑ ቦርጩ ከመሪው ጋር ይነካካ ነበር። እዚያ ማቆሚያ ውስጥ ቦርጭ ማዕረግ ነው። ረዳቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ጭነት ያስራሉ፣ ጎማ ይፈታሉ፣ ተሳቢው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ረዳት መንጃ ፈቃድ አግኝቶ መሪ በያዘ በዓመቱ ይወፍራል። ሲገናኙ «ተመችቶሃል!» ይባባላሉ፤ ሆዱን መታ መታ ያደርጉለታል። የእኔ ሰው ስለ አባቱ ሲያወራ እንዲህ ይል ነበር፦ «አባቴ በቅሎ እየነዳ ጨው ሊያመጣ እስከ ቆላው ይወርድ ነበር፤ በእግሩ! ጥሬ እየቆረጠመ። እኔ ያንኑ መንገድ በቂጤ ጨረስኩት።» እውነቱን ነው። ሎግያ ላይ ፓስታ በሥጋ፣ ሚሌ ላይ ጥብስ፣ በየመሀሉ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከጫቱ ጋር ለስላሳ፣ ከሲጋራው ጋር ሌላ ሲጋራ። ሰውየው ከጋቢናው የሚወርደው ለመብላትና ለመተኛት ብቻ ነበር።

የሚጭነውም ያው ነበር። ወደብ ውስጥ ቬንትሌተር ልጠግን ስገባ መርከቦቹ ሲራገፉ አያለሁ፤ የስኳር ጆንያ፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ዘይት በቆርቆሮ፣ ሲጋራ በካርቶን። ከየት አገር እንደተጫነ አላውቅም። አያቶቻችን ለበዓል ብቻ የሚያዩት ነገር በክሬን እየተንጠለጠለ ይወርዳል፣ ተሳቢ ላይ ይከመራል፣ ሽቅብ ይወጣል። በረከት ይመስለኝ ነበር። በረሃብ ያለፈ አገር ሰው ስለሆንኩ የስኳር ጆንያ አይቼ ክፉ ነገር ሊታየኝ አይችልም።

በአንዱ ዓመት ይህ ሰው መክሳት ጀመረ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንድበሳለት ሰጠኝ፤ በቀጣዩ ጉዞ ደግሞ ሌላ። ሾፌሮቹ ደነገጡ። «ምን ሆነህ ነው? ብላ እንጂ!» እያሉ ይጋብዙታል። አከራዬ ሻዩ ላይ ስኳር ትጨምርለታለች፣ አቅም እንዲሆነው ብላ። በጣም ይጠማዋል። ፍሪጄን ከፍቶ አንዱን ለስላሳ ቆሞ ይጨርሳል፣ ሌላውን ይዞ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ሽንት ቤት፤ ተመልሶ ደግሞ ፍሪጁ ጋ። ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ይጠይቅ ነበር። አሰብ ላይ ግን ማን ያልጠማው አለ? የተጠማ ሰው አይቶ የሚገረም አልነበረም።

ሾፌሮቹ ወረፋ ሲጠብቁ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበራቸው። የዚያን ጊዜ የጭነት መኪኖች ሞተር የሚቀመጠው ከሾፌሩ በስተቀኝ፣ ጋቢናው ውስጥ ነው። በአሰብ ፀሐይ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በነዳጅ መስጫው አጠገብ ያለው ወለል እንደ ብረት ምጣድ ይግላል። ሲነዱ ከእግራቸው ሥር እርጥብ ጆንያ ያነጥፋሉ። ጨዋታው ጆንያውን አንስቶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ቀኝ እግርን ወለሉ ላይ አሳርፎ መቆየት ነው። ቀድሞ ያነሳ ለሁሉም ለስላሳ ይገዛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጋቢናውን ቬንትሌተር ልጠግንለት ስሄድ ይህንኑ ሲጫወቱ ደረስኩ። ከእሱ ጋር የሚወዳደረው ገና ቦርጩ ማደግ የጀመረ ወጣት ሾፌር ነው። ሌሎቹ በሩ ላይ ተንጠላጥለው ይጮሃሉ።

«አንሳ! አንሳ! ጥብስ ሸተተኝ!»

«ሰውየው እንኳን ሊያነሳ እንቅልፍ ሊወስደው ነው!»

«ይሄ እግር ነው ወይስ ጎማ?»

«ጎማ ቢሆን ይቀልጥ ነበር!» አለ የእኔ ሰው፣ ሲጋራውን እየለኮሰ።

ወጣቱ «እናቴን!» ብሎ እግሩን አፈፍ አድርጎ አነሳ። ሳቅ ሆነ። የእኔ ሰው ግን እግሩን እዚያው እንደተወው ነበር። ጨዋታው አልቋል፣ ሁሉም ለስላሳ ሊጠጡ ወደ ኪዮስኩ እየሄዱ ነው፣ እሱ ሲጋራውን ያጨሳል፤ እግሩ ወለሉ ላይ ነው። ለማየት ያህል የእጄን ጀርባ እግሩ አጠገብ አስጠጋሁ። ከሙቀቱ የተነሳ እጄ ሳላስበው ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ።»

«አሸነፍኩ እኮ።»

«እሺ፣ ያንሱት። ያሳዩኝ።»

«ምን ሊደረግልህ?» እያለ ወደ በሩ ዞሮ እግሩን፣ ውስጡ እንዲታየኝ አድርጎ፣ ጭኔ ላይ አሳረፈልኝ። የተቃጠለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተነፍቷል። ከአውራ ጣቱ ሥር ደግሞ የዛሬ ያልሆነ ቁስል አለ፤ ውስጡ ትንሽ ጠጠር ተቀርቅሮበት ጠርዙ ጠቁሯል። ስንት ቀን በዚያ ጠጠር ላይ እንደረገጠ እንጃ። ሽታውን ልናገር አልፈልግም።

ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁና፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎ ይንገሩኝ» አልኩት። በሥራዬ መብራት የማይሄድበት ሽቦ ሲያጋጥመኝ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ መስመሩ የት ጋ እንደተቆረጠ እፈልጋለሁ። ሌላ ዘዴ አላውቅም። በካቻቢቴው እጀታ ከተረከዙ ጀመርኩ። መሀል እግሩን ነካሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤ ጫን አድርጌ ደገምኩ።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። «እንዴ ኢንጂነሬ፣ መቼ ነው የምትነካኝ?» አለኝ።

ቁርጭምጭሚቱን አልፌ ወደ ባቱ ስደርስ ነው «እ፣ አሁን!» ያለው።

ዓይኑን ገልጦ ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

እሺ ብሎ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ብዙ አንገራገረ። ወረፋው ነገ ነው፤ ካመለጠው ከሰልፉ መጨረሻ ይጀምራል። በስንት ልመና በታክሲ ወሰድኩት። የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ ድሬሰሩ፣ ደከም ያለ ዓይን ያለው ሽማግሌ ነበር። ሽንቱን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በመስተዋት ቱቦ ቀላቅሎ እሳት ላይ ያዘው። ዓይኔን አላነሳሁም። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ፤ ከዚያ ብርቱካን፤ መጨረሻ ላይ እንደ ሸክላ ቀልቶ ቆመ። ካየሁት ቀለም ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው።

«በቀን ስንት ለስላሳ ይጠጣሉ?» አለ ድሬሰሩ።

«በአሰብ ቀን ነው በኮምቦልቻ ቀን?»

ድሬሰሩ አልሳቀም። «ስኳር በሽታ ነው። የቆየ ነው። የእግርዎን ስሜት የበላው እሱ ነው። እዚህ የማደርገው ነገር የለም፣ አጥቤ አሽገዋለሁ። ዛሬ ወይም ነገ ትልቅ ሆስፒታል ካልደረሱ እግሩን ያጡታል። ቢዘገዩ ደግሞ እግር ብቻ አይሆንም።»

«ስኳር የሚኒስትር በሽታ አይደል እንዴ? ሾፌር ምን አግብቶት?»

«ዱሮ ነበር» አለ ድሬሰሩ፣ ጠጠሩን በመቆንጠጫ እያወጣ። «አሁን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ እየመጣ ነው። ስኳር፣ ደም ብዛት። መጀመሪያ ሳያቸው በመርከብ የመጣ ነገር መሰለኝ።»

ግቢ ስንመለስ አከራዬ ፊቱን አይታ ደነገጠችና ሻይ ይዛ መጣች፤ የብርጭቆው ሥር በስኳር ነጭ ሆኗል። ከእጇ ተቀበልኩና ለእሱ ሳልሰጥ አስቀመጥኩት። ተቀየመች። የሆነውን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

እሱ ግን ሐሳቡን ቆርጦ ነበር። ነገ ይጭናል፤ ራሱ እየነዳ ይወጣል፤ ኮምቦልቻ አራግፎ ሆስፒታል ይሄዳል። «አንድ ጭነት ነው! እግሬ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ለአንድ ጭነት ይከዳኛል?» ረዳቱ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመት የሞላው ዝም ያለ ሰው፣ ከግድግዳው ተጠግቶ መሬት መሬት ያያል። ጌታውን ተከራክሮ አያውቅም። እኔም ሰው ተከራክሬ አላውቅም። አከራዬ ለመነችው፣ ማለችበት፤ ሳቀባት።

ፀሐይ ከግቢው አጥር ዝቅ ስትል ከረፋድ ጀምሮ ሲከነክነኝ የዋለውን ነገር ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ፍሬን የሚረግጡት በየትኛው እግር ነው?»

የታሸገውን እግሩን አየ። እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ እሱ ግን ኮምቦልቻ ሊገባ ሲል ያለውን ቁልቁለት በየመታጠፊያው ያውቀዋል። ተሳቢ ሙሉ ስኳር ከኋላ እየገፋ ሲወርድ፣ ፍሬን ምን ያህል እንደተረገጠ ለሾፌሩ የሚነግረው እግሩ ነው። እግሩ ዝም ካለ ቆይቷል። ስንት ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ወርዶ ይሆን? ያንን እያሰበ ነበር መሰለኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለረዳቱ ወረወረለት። «ወረፋውን ጠብቀህ ጫን። ስትወርድ በከባድ ማርሽ፤ ፍሬን ላይ አትተኛ» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ እራት ድረስ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔና እሱ አብረን ዝም ያልነው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሌላ ሰው ቶዮታ ሄደ። ጫማው አልገባ ስላለው አንደኛውን እግር ጫማ አልጋዬ ሥር ረስቶት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅም ነበሩ። ሥራዬን እሠራለሁ፤ ሰዎች ይመጣሉ፣ «እፎይ» ብለው ይሄዳሉ። የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ ብድግ እላለሁ፤ ወዲያው ትዝ ሲለኝ እቀመጣለሁ። ፍሪጁ ውስጥ የብርቱካን ጠርሙሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ልጠጣቸው አልቻልኩም፣ ልጥላቸውም አልቻልኩም። ፍሪጁ ሌሊትና ቀን ለማንም ሲያቀዘቅዝ ከረመ።

ዓይኔም ተበላሸ። ከተማው ውስጥ ከዚያ በፊት ያላየሁትን ማየት ጀመርኩ። የጉምሩኩ ጸሐፊ ከቬንትሌተሩ ሥር ሳይነሳ ጠርሙስ በጠርሙስ ሲደግም፤ ቤቷ ፍሪጅ ልሠራ የሄድኩላት አስተማሪ እግሯ አብጦ ጫማዋን በምላጭ ሰንጥቃ ስታደርግ፤ አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳሯ መንደር በይሉል በምትሄድ ፒካፕ ላይ ከዓሣ መረቡ በላይ የለስላሳ ሳጥን ተከምሮ። አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ እንዳይወድቅበት በክንዱ አቅፎት ተቀምጧል። ደስ ብሎታል። እንግዳ ይኖርበት ይሆናል። ለማን ምን እላለሁ? አንድ ጊዜ ለጸሐፊው ልነግረው ሞክሬ፣ «አንተ ደግሞ፣ ቬንትሌተርህን ሥራ» አለኝ። ሠራሁ።

ወሬውን የሚያመጣልኝ ረዳቱ ነበር፤ አሁን ሾፌር ሆኗል። መጀመሪያ ጣቶቹ ተቆረጡ አለኝ። በሌላ ጉዞ የእግሩ ግማሽ። ከዚያ ዳነ፣ ግን መንዳት ቀረ። ረዳቱ ራሱ ትንሽ ወፍሯል። ምንም አላልኩትም።

አንድ ቀን፣ ሙቀቱ በረድ በሚልበት ወር፣ ጥሩምባው እኛ በር ላይ ጮኸ። ስወጣ ሰውየው ከተሳፋሪው ወንበር በከዘራ እየወረደ ነው። አንሷል። ልብሱ የሌላ ሰው ይመስላል። «ቤት ተቀምጬ አበድኩ። ባሕሩን ልየው ብዬ ነው» አለኝ። ባሕሩን ግን ዞር ብሎም አላየው፤ ግቢያችን ገብቶ ሽቦ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ።

አከራዬ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ወደ ፍሪጁ ሮጠች፤ ከፈተችው፤ ቆመች። ጠርሙሶቹ ሁሉ ነበሩ፤ የብርቱካኑን ግን አፍስሼ በውኃ ሞልቻቸዋለሁ። ረዳቱ ሊመጣ ነው ብሎ በነገረኝ ጊዜ ነው ያደረግሁት። አንዱን አውጥቼ ብርጭቆ ላይ ቀዳሁለት።

«ውኃ?» አለች አከራዬ፣ በሹክሹክታ። «ለእሱ? ውኃ?»

ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። «ኢንጂነሬ፣ አዋረድከኝ» አለና ጠጣ። ፊቱን ጨመደደ። «ጨው ነው።»

«አዎ።»

«ቀዝቃዛ ጨው።» ብርጭቆውን ዘረጋልኝ፤ ደገምኩለት። አከራዬ በእኔ አፍራ ወደ ቤቷ ገባች።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ጭኖ ሊወጣ ሲል ጋቢናው ድረስ ሸኘሁት። ቦታው ላይ ተቀምጦ ከሞተሩ በዚያኛው በኩል ያለውን መሪ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተረፈችውን የግራ እግሩን ጫማ አወለቀና ባዶ እግሩን ከሞተሩ ሥር ወለሉ ላይ አሳረፈ። ሞተሩ እየሠራ ነበር።

«አቃጠለኝ!» ብሎ እግሩን አፈፍ አድርጎ አነሳ። «ኢንጂነሬ፣ አቃጠለኝ እኮ!» ይስቃል፤ ዓይኑ ግን እኔን ነው የሚያየው፣ ፊቴን።

እኔም ሳቅሁለት። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ከማቆሚያው ወጣ፣ ተሳቢው መታጠፊያው ላይ ጠፋ።

እግሩን ያነሳው ወለሉ አቃጥሎት ይሁን፣ ወይስ እኔ ብቻዬን ስቀር እንዳልጨነቅ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጄን አስጠግቼ ሙቀቱን ማየት ነበረብኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አየው ነበር። ግቢ ገባሁ። የእሱ ብርጭቆ አልጋው እግር ሥር ነበር፤ ከሥሩ የቀረውን ውኃ ጠጣሁት።